ለጥቂት የተረፍንበት እሳት

«ለጥቂት ነው የተረፍነው» የሚባል ታሪክ የሌለው በማገዶ የሚያበስል ቤት ማግኘት ከባድ ነው። ሕፃኑ ወደ ጉልቻው ሲድህ ታላቅ እህቱ እግሩን ይዛ ጎትታ አስቀርታዋለች። የእናቲቱ የነጠላ ጫፍ ተያይዞ በመዳፏ አሽታ አጥፍታዋለች። ከሰል በገባበት ክፍል የተኛው ጎረምሳ ራሱን አሞት ነቅቶ፣ ግድግዳ ተደግፎ፣ በሩን ከፍቶ ወጥቷል። ታሪኩ ሲያልቅ «ተመስገን» ይባላል፤ መባሉም ተገቢ ነው። ምድጃው ግን በማግስቱ እዚያው ቦታ ላይ ይነድዳል።

በሆስፒታል መዝገብ የሚሰፍረው የተቃጠለው ሰው ነው። ለጥቂት የተረፈው የትም አይጻፍም፤ ከጎረቤት ወሬ አያልፍም። ይሁንና ሁለቱን የሚለያቸው ብዙ ጊዜ የአንድ ክንድ ርቀት ወይም የአንድ ደቂቃ መዘግየት ብቻ ነው። በዚህ ዳሰሳ የማገዶና የከሰል እሳት ሰውን በምን በምን መንገድ እንደሚጎዳ፣ ምን እንደተሞከረና የቱ እንደያዘ አያለሁ። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ልናገር። አደጋ በደረሰ ቁጥር «የእናት ቸልተኝነት» የሚለውን ምክንያት አልቀበለውም። አብዛኛው አደጋ አስቀድሞ የተደገሰው እሳቱ በተቀመጠበት ቦታና ከፍታ ነው፤ ይህን ደግሞ እናቲቱ ብቻዋን አልወሰነችውም።

የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ 180,000 ገደማ ሰዎች በቃጠሎ እንደሚሞቱ ይገምታል፤ አብዛኞቹም ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። በሕይወት የሚተርፉት ከሟቾቹ በብዙ ይበልጣሉ፤ ብዙዎቹ ጠባሳና የተኮማተረ እጅ ይዘው ይኖራሉ። የቤት ውስጥ ጭስ ጉዳት ከዚህም ይሰፋል፦ ይኸው ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች በዚሁ ሰበብ እንደሞቱ፣ ከእነዚህም ከ237,000 በላይ የሚሆኑት ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት እንደነበሩ ገምቷል። ጭሱ በዓመታት ውስጥ ቀስ ብሎ ስለሚጎዳ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይገባዋል። እኔ የማተኩረው በአንድ ቅጽበትና በአንድ ሌሊት በሚደርሰው ላይ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ከአሥር ቤተሰብ ዘጠኙ ገደማ የሚያበስለው በእንጨት፣ በኩበት፣ በአገዳና በከሰል ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ያለው የከተማ ቤት እንኳ መብራት በሄደ ቁጥር ወደ ከሰሉ ይመለሳል።

ከጉልቻው እንጀምር። ሦስቱ ድንጋዮች መሬት ላይ ናቸው፤ ድስቱም ከመሬት ቢበዛ ሁለት ስንዝር ቢርቅ ነው። የሚድህ ሕፃን ፊትና እጅ የሚገኘውም እዚያው ከፍታ ላይ ነው። እናት ውኃ ልትቀዳ ዞር ስትል በልጁና በእሳቱ መካከል ምንም የለም። በዚህ ዕድሜ ያሉትን ልጆች በብዛት የሚጎዳው ነበልባሉ ሳይሆን ትኩስ ፈሳሽ ነው፤ የፈላ ውኃ፣ ሻይ፣ አጥሚት፣ ወጥ። ሽሮን የመሰለ ወፍራም ወጥ ደግሞ ቆዳ ላይ ተጣብቆ ሙቀቱን ይዞ ስለሚቆይ ጉዳቱ ከውኃው የጠለቀ ይሆናል። ከሦስቱ ድንጋዮች አንዱ ትንሽ ሸሸት ካለ ድስቱ ያዘነብላል፤ ይህን ለማድረግ የልጅ እጅ ይበቃዋል። የቡናው ሥርዓትም ከዚህ አይለይም። የከሰል ምድጃው ወለል ላይ፣ ጀበናው በላዩ፣ እንግዳው ዙሪያውን፣ ልጆቹ በመካከል። ቀላል የብረት ምድጃ በእግር ጫፍ ቢነካ ይገለበጣል፤ የደረቀ ጉዝጓዝ አጠገቡ ካለ ደግሞ ፍሙ ሥራ አይፈታም።

ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ረመጡን ነው። ጠዋት ያለ ክብሪት ለመቀስቀስ ማታ እሳት ይዳፈናል። ፍሙ አመድ ለብሶ ያድራል፤ ላዩ ግራጫ ነው፣ የበረደ ይመስላል። ከነበልባል የሚሸሽ ልጅ ከአመድ አይሸሽም። መራመድ የጀመረው ሕፃን ሲረግጠው እግሩ ይሰምጣል፤ ደንግጦ ሲወድቅ በእጁ ይደገፋል፣ እጁም ይገባል። የመዳፍና የጣት ቃጠሎ በጊዜ ካልታከመ ሲሽር ጣቶቹ ይኮማተራሉ፣ አንዳንዴም እርስ በርስ ይጣበቃሉ፤ በኋላ ለመዘርጋት ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል። ይህን ያህል ከባድ ጉዳት ይህን ያህል በቀላሉ መከላከል መቻሉ ያስቆጨኛል። በተዳፈነው እሳት ላይ አሮጌ ምጣድ ከድኖ ዙሪያውን በድንጋይ መያዝ ይበቃል።

ትልልቅ ሰዎች ላይ ሲደርስ ነገሩ ይለወጣል። ምድጃ ፊት የምትጎዳው ባመዛኙ ሴት ናት፤ ጉዳቱም ብዙውን ጊዜ የነበልባል ነው። እንጀራ የምትጋግር ሴት ምጣዱ ፊት ረጅም ሰዓት ትቀመጣለች። ጭራሮ ትጨምራለች፣ ፍልጡን ወደ ውስጥ ትገፋለች፣ ምጣዱን ታሰሳለች፣ ሊጥ ታዞራለች፣ አክንባሎ ታነሳለች። አክንባሎው ሲነሳ የሚወጣው እንፋሎት ብቻውን ክንድ ይልጣል። ጭሱ ዓይኗን እያስነባ ጎንበስ ቀና ስትል የነጠላዋ ጫፍ ወይም የቀሚሷ ጠርዝ የት እንዳለ አታይም። ጥጥ ፈጥኖ ይነድዳል፤ ናይለንና ፖሊስተር ደግሞ ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ልብሷ የተያያዘ ሴት ስትሮጥ ነፋሱ እሳቱን ያባብሰዋል። መሬት ላይ ተኝቶ መንከባለል ወይም በወፍራም ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ መጠቅለል ነው የሚያጠፋው። ይህን ልጆች በትምህርት ቤት ሊለማመዱት የሚገባ ነገር ነው፤ ቃጠሎ ሲመጣ ለማሰብ ጊዜ የለምና እጅና እግር አስቀድመው ማወቅ አለባቸው።

በክረምት ማገዶው ሲረጥብ ላምባ ይመጣል። ገና ያልተለኮሰ እንጨት ላይ ጥቂት ላምባ ማንጠብጠብና እየጤሰ ባለ እሳት ላይ ከጠርሙስ ማፍሰስ በጣም የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ነበልባሉ የጠፋ ቢመስልም ከሥር ያለው ፍም ላምባውን ወደ ተን ይለውጠዋል። ተኑ ሲቀጣጠል እሳቱ የሚፈሰውን ተከትሎ ወደ ጠርሙሱና ወደምታፈሰው ሴት እጅ ይወጣል። ደንግጣ ስትወረውረው ደግሞ እሳቱ በቤቱ ይረጫል። ላምባው ከቤንዚን ጋር የተቀላቀለ ከሆነ ከዚህም የከፋ ነው። በዚህ ላይ መሃል መንገድ የለም፤ አንዴ የተለኮሰ እሳት ላይ ላምባ አይፈስም።

የአረቄ ሥራም እዚሁ መነሳት አለበት። እንደ አርሲ ነገሌ ባሉ አረቄ በስፋት በሚወጣባቸው ቦታዎች ሴቶች እሳት ላይ ማሰሮ ጥደው ቀኑን ሙሉ ይውላሉ። ከማሰሮው የሚወጣው የአልኮል ተን ነው፤ መገጣጠሚያው በደንብ ካልተመረገ ተኑ ነበልባሉ አጠገብ ያፈተልካል። ይህ በኑሮ ላይ የተመሠረተ የሥራ አደጋ ነው፤ እንደ ሥራ አደጋ ሲቆጠር ግን አላየሁም።

ከሁሉም በላይ ልብ የሚሰብረው የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሰዎች ጉዳይ ነው። በቡታጅራ አካባቢ በፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት ተመርቶ በ1990 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት 60,820 ሰዎችን አዳርሶ 316 ሕሙማን አግኝቷል፤ ከሺህ ሰው አምስት ማለት ነው። ከእነዚህ ውስጥ ለበሽታው የሚሰጠውን መድኃኒት ይወስዱ የነበሩት 1.6 በመቶው ብቻ ነበሩ። አንዲት ሴት እሳት ፊት ተቀምጣ ሲጥላት ወደ ፊት ነው የምትወድቀው፤ ራሷን ስለማታውቅ እጇን አትሰበስብም። አጠገቧ ያለው ሰው ደግሞ «የነካው ይይዘዋል» የሚለውን ሰምቶ አድጓልና ያመነታል፤ ወይም ክብሪት ጭሮ ሊያሸታት ይሞክራል። በሽታው በመነካካት አይተላለፍም። ክብሪቱም አይጠቅማትም፤ የሚጠቅማት ከእሳቱ መጎተት፣ በጎኗ ማስተኛትና እስክትነቃ አጠገቧ መቆየት ነው። ፌኖባርቢታልን የመሰለ ርካሽ ክኒን በየቀኑ በመውሰድ ብዙ ሕሙማን ከመውደቅ ሊድኑ ይችላሉ። ስለዚህ የዚህ ቃጠሎ መከላከያ ምድጃው ላይ ብቻ ሳይሆን ጤና ጣቢያው የመድኃኒት መደርደሪያ ላይም ነው ያለው። በቤተሰቡ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ካለ ብቻውን እሳት ፊት እንዳይቀመጥ ማድረግ ነውር አይደለም።

አሁን ወደ ከሰሉ። ከሰል ጭስ የለውም ስለሚባል መኝታ ክፍል ይገባል። እንጨት ዓይን አስነብቶ፣ ጉሮሮ አንቆ ሰውን ከቤት ያስወጣል፤ ከሰል ይህን ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። ሲነድድ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ይህን ጋዝ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል፤ ስለዚህ ሰውዬው እየተነፈሰ ይታፈናል። መጀመሪያ ራስ ምታት ይመጣል፣ ከዚያ ማዞርና ማቅለሽለሽ፣ ከዚያ ጉልበት መክዳት። ነቅቶ ያለ ሰው «ብርድ መታኝ» ወይም «የበላሁት አልተስማማኝም» ይላል። የተኛ ሰው ምንም አይልም። አንድ ክፍል ውስጥ ያሉ ሰዎች በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው፣ ወደ ውጭ ሲወጡም ከተሻላቸው፣ ምክንያቱ የከሰሉ አየር መሆኑን መጠርጠር ይገባል።

በዚህ ላይ የተንሰራፋ አንድ የተሳሳተ እምነት አለ፤ «ውጭ አቀጣጥሎ ቀልቶ ፍም ሲሆን ማስገባት አይጎዳም» የሚል። ውጭ ማቀጣጠሉ የመጀመሪያውን ጭስ ያስቀራል፤ የቀላው ፍምም ግን ጋዙን ማውጣቱን አያቆምም። ዕጣን ማጤስ፣ በር ገርበብ ማድረግም አያስተማምንም። አደጋ ላይ የሚወድቁት እነማን እንደሆኑ ማሰብ አያስቸግርም። በቆርቆሮ ጎጆው ውስጥ የሚያድር የጥበቃ ሠራተኛ፣ ባላለቀ ሕንፃ ውስጥ የሚተኙ የቀን ሠራተኞች፣ አንድ ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ ተማሪዎች፣ ብርድ እንዳይመታት ተብሎ ክፍሏ በከሰል የሚሞቅላት አራስና አጠገቧ ያለው ጨቅላ። የኅዳርና የጥር ሌሊት ደጋው ላይ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ለነዚህ ሰዎች «አታንድዱ» ብቻ ማለት ብርዱን አያስቀርላቸውም። ቀጣሪ ለጥበቃ ሠራተኛው ወፍራም ካፖርትና ብርድ ልብስ፣ ነፋስ የማያስገባ ማደሪያ መስጠት አለበት፤ ይህ ልግስና ሳይሆን የሰው ሕይወት ነው። አራሷን ለማሞቅም ክፍሉን በቀን በር ከፍቶ ማሞቅ፣ ማታ ምድጃውን አውጥቶ በልብስና በጋቢ መተካት ይቻላል።

ራሱን የሳተ ሰው የተገኘ እንደሆነ የሚገባው ሰው እስትንፋሱን ይዞ ይግባ፣ በርና መስኮቱን ይክፈት፣ ጎትቶ ያውጣ። ራሱን ለሳተ ሰው ወተትም ሆነ ሌላ ነገር በአፍ አይሰጥም፤ ወደ ሳንባው ይገባል። ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያለበትም «ነቅቷልና ደህና ነው» ሳይባል ነው። ተራ አየር እየተነፈሰ ደሙ ውስጥ ያለው ጋዝ በግማሽ ለመቀነስ ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ይፈጅበታል፤ በጭምብል ንጹሕ ኦክስጅን ሲሰጠው ግን ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ዝቅ ይላል። ለሐኪሞች የምጨምረው አለ። ጣት ላይ የሚሰካው ተራ የኦክስጅን መለኪያ ካርቦን ሞኖክሳይድ የያዘውን ደም ከኦክስጅን አይለየውም፤ ቁጥሩ 98 በመቶ እያሳየ ሰውዬው በአደጋ ላይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ቤት ውስጥ ከሰል ነበር ወይ?» ብሎ መጠየቅ ከመሣሪያው ይበልጣል። ከተሻላቸው ሰዎች አንዳንዶቹ ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ የመርሳትና የባሕርይ መለወጥ ምልክት ያሳያሉ፤ ቤተሰብ ይህን ማወቅ አለበት።

ባሕር ማዶ ያለው ወገናችንም ከዚህ አደጋ አልራቀም። በዲሴምበር 2006 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሲያትል አካባቢ ኃይለኛ ነፋስ መብራት ሲያቋርጥ ብዙ ሰዎች በካርቦን ሞኖክሳይድ ተመርዘው ሆስፒታል ገብተዋል፤ በብዛትም ለመሞቅና ለማብሰል ከሰል ቤት ውስጥ ያነደዱ ስደተኞች ነበሩ። በአሜሪካ የሚሸጥ የከሰል ከረጢት ቤት ውስጥ እንዳይነድድ የሚያስጠነቅቅ ሥዕል እንዲኖርበት ሕጉ ያስገድዳል፤ ቋንቋ ለማያነበው ሰው ሲባል። በረዶ በሚጥልበት አገር መስኮቱና በሩ አየር እንዳያሳልፍ ተደርጎ የተሠራ ስለሆነ፣ አገር ቤት ቀዳዳ በበዛው ቤት ውስጥ ያላስቸገረ አንድ ምድጃ ከሰል እዚያ ቤተሰብ ሊጨርስ ይችላል። ቡና የሚያፈላ ሰው የኤሌክትሪክ ምድጃ ይጠቀም፤ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያውንም «ይጮሃል» ብሎ ባትሪውን አያውጣ።

ስለ ቤት መቃጠል ባጭሩ ልለፍ። ነፋስ በበዛበት የበጋ ወቅት ከሣር ጎጆ ማድ ቤት የተነሳ ፍንጣሪ ደቦ ሳይሰበሰብ መንደር ያዳርሳል። መነሻው ብዙ ጊዜ ሳይጠፋ የተደፋ አመድ፣ ለጎረቤት በገል ሲወሰድ መንገድ ላይ የወደቀ ፍም፣ ወይም ማድ ቤቱ አጠገብ የተከመረ ጭድ ነው። አመድ ከመደፋቱ በፊት ውኃ ይጠጣ።

ሰው ከተቃጠለ በኋላ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የሚሠሩትን ሆስፒታል መልሶ አያገኘውም። ሊጥ፣ የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላል፣ ቅቤ፣ የቡና ዱቄት ሁሉ ሙቀቱን ውስጥ ያፍኑታል፣ ቁስሉን ያቆሽሹታል፣ ሐኪሙ ጥልቀቱን እንዳያይ ይጋርዱታል። መድኃኒቱ ቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ ነው፤ የተቃጠለው ቦታ ላይ ሳይቋረጥ ለ20 ደቂቃ። ውኃ በጀሪካን ከሩቅ በሚቀዳበት ቦታ ይህ ብዙ ይመስላል፤ ንጹሕ ሣፋ ከሥር አድርጎ ያንኑ እየቀዱ ደጋግሞ ማፍሰስ ይቻላል። ቃጠሎው ከደረሰ እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ ማቀዝቀዙ ይጠቅማል፣ ስለዚህ «አሁንማ አለፈ» አይባልም። በረዶ ግን አይደረግበትም። ያልተጣበቀ ልብስ፣ አምባርና ቀለበት እብጠቱ ሳይመጣ ይወልቃሉ፤ ቁስሉ በንጹሕ ጨርቅ ይሸፈናል፤ የቀረው የልጁ አካል እንዳይበርደው ይጠቀለላል። የልጁ የራሱ መዳፍ ከነጣቶቹ ከሰውነቱ አንድ በመቶ ያህል ነው። አሥር መዳፍ የሚያህል ቃጠሎ ያለበት ልጅ ደም ሥሩ ውስጥ ፈሳሽ ሊሰጠው ያስፈልጋል፤ ፊት፣ እጅ፣ መገጣጠሚያና ብልት ላይ ከሆነ ትንሽም ቢሆን ሐኪም ይየው። አዲስ አበባ ውስጥ የካቲት 12 ሆስፒታል በቃጠሎ ሕክምና የታወቀ ነው፤ ከክፍለ ሀገር ለሚመጣ ታማሚ ግን ርቀቱ ብዙ ሰዓት ይበላል። ለዚህ ነው የመጀመሪያው ውኃ እጅግ የሚያስፈልገው።

የተሻሻሉ ምድጃዎች ይህን ሁሉ አልለወጡትም ወይ? ተገቢ ጥያቄ ነው። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ላቀች የተባለው የከሰል ምድጃና ከሲሚንቶና ከእሳተ ገሞራ ጠጠር የሚሠራው ምርጥ የእንጀራ ምድጃ ተስፋፍተዋል፤ ጎንዚዬና ትክክል የተባሉትም ተከትለዋል። ምርጥ ምድጃ ከጉልቻ ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቆጥባል፤ እሳቱንም ስለሚከልለው ነበልባሉ ወደ ቀሚስ የሚዘልበት ዕድል ይቀንሳል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂም 9 ሚሊዮን ምድጃ የማሰራጨት ዕቅድ ይዞ ነበር። ዓላማው ግን ደንና የካርቦን ልቀት ነበር፤ ምድጃው የተመዘነው ባዳነው እንጨት ነው፣ ባዳነው ልጅ አይደለም።

ምድጃ መለወጥ ብቻውን ቃጠሎን እንደማያስቀር ከማላዊ የመጣው ውጤት ያሳያል። በ2017 እ.ኤ.አ. በላንሴት መጽሔት የታተመው ጥናት 10,750 ሕፃናትን አሳትፎ፣ ለአንዱ ወገን ጭሱ የቀነሰ ምድጃ ሰጥቶ፣ ሌላውን በነበረበት አቆይቷል። በሳንባ ምች ልዩነት አልተገኘም። ከባድ ቃጠሎ የደረሰባቸው 19 ሕፃናት ነበሩ፤ ዘጠኙ አዲሱ ምድጃ ካላቸው ቤቶች፣ አሥሩ ከሌሎቹ፤ ከአሥሩ አንዱ ሞቷል። ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ ብዙ ድምዳሜ አይሸከምም። ነገር ግን ከእኔ እምነት ጋር ይገጥማል፤ ምድጃው ቢሻሻልም ልጁ የሚደርስበት ቦታ ላይ ከሆነ፣ ድስቱ ከተነቃነቀ፣ ብረቱ ከውጭ ከጋለ አደጋው እዚያው ነው። ከፍ ማድረግም ቢሆን ያለ ማሰብ አይሆንም፤ ከፍ ያለ ምድጃ ላይ የተጣደ ድስት እጀታው ወደ ውጭ ከዞረ ልጅ ስቦ በራሱ ላይ ይደፋዋል። ከፍታው ከሚድህ ልጅ በላይ፣ ድስቱ የሚቀመጥበት ጎድጎድ ያለ፣ ከበሩ ላይ ደግሞ ልጅ የማያልፍበት ግማሽ መዝጊያ ያለው ማድ ቤት ነው የሚያስፈልገው። ጭቃ፣ ድንጋይና ጥቂት ጣውላ ላለው ሰው ይህ የማይደረስበት አይደለም።

መስፈሪያውም አለ። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ የምድጃ ስምምነት ምድጃን በአራት ነገር ይመዝናል፤ በማገዶ ቁጠባ፣ በጠቅላላ ልቀት፣ በቤት ውስጥ ልቀትና በደኅንነት። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት (አይኤስኦ) ደረጃም የደኅንነት ፍተሻ አለበት፤ ይገለበጣል ወይ፣ ጠርዙ ይቆርጣል ወይ፣ ውጪው ምን ያህል ይግላል፣ ነበልባሉ ይወጣል ወይ። ምድጃ የምታመርቱ፣ የምታከፋፍሉና የምትረዱ ሁሉ ይህን ፍተሻ ከማገዶ ቁጠባው እኩል አድርጉት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ሽንት ቤቱንና ክትባቱን ሲጠይቁ «እሳታችሁ ከመሬት ምን ያህል ከፍ ይላል? ባለፈው ዓመት ለጥቂት የተረፈ ልጅ አለ ወይ?» ብለው ይጨምሩበት፤ መልሱንም ይመዝግቡት። አንባቢም የዛሬውን አታሳድሩ፤ ከሰሉን ከመኝታ ክፍል አውጡ፣ የተዳፈነውን እሳት ክደኑ፣ የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ መጥሪያ 939ን እና የቀይ መስቀል አምቡላንስ መጥሪያ 907ን ልጆች በሚያዩት ቦታ ጻፉ።